ስለ ጨፈገገ ሰማይና ስለ ጨፈገገ ፊት

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር፥ የዓመቱ ትምህርት ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አንሥቶ «መምህር፥ ግሉም በአማርኛ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ሆነኝ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያሳስበኝ አልነበረም። ፊቴን ከሰሌዳው ሳልመልስ «ጨለማ ማለት ነው» አልሁት። ልጁ ግን አልተቀመጠም። በእጁ የያዘውን ምንባብ ወደ አማርኛ እየመለሰ «ታዲያ እዚህ ላይ የሁሉም ፊት በግሉም ተሸፍኖ ነበር ይላል፤ መብራት ጠፍቶባቸው ነው?» ቢል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያባራ ግን ሁሉም መልሱን ይጠባበቅ ስለ ነበር «ደኅና፤ ነገ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ብዬ ወደ ሌላው ጥያቄ አለፍሁ።

ያ ነገ ያልሁት ቀን እስከ መስከረም ድረስ ሳይመጣ ቀረ። የዘገየሁበትን ምክንያት ለአንባቢ ብነግር ከቃሉ ትርጓሜ ይልቅ የሚጠቅም ሳይሆን አይቀርም ብዬ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በዚያው ማታ ቤቴ ገብቼ ያሉኝን መዛግብተ ቃላት ከመደርደሪያው አወረድሁና በመብል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሀብተ ሚካኤል የ1951 ዓ.ም. መጽሐፍ፥ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»፥ ደግሞም ወልፍ ሌስላው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ያሳተሙት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ትልቁ መጽሐፍ ነበሩ። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር። ገጹን አብዝቼ ሳገላብጥ ብትሰማ ጊዜ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። «አንድ ቃል ነው፥ እማዬ» አልኋት። «ይገኛል» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ምሽቶችም እርስዋ በመስኮቱ፥ እኔ በጠረጴዛው፥ እንዲሁ ነበርን።

መዝገበ ቃላት ቃላትን በረድፍ ያቆማቸዋል እንጂ የትኛው ለየትኛው ሰው እንደሚስማማ አይነግርም። ጨለማ፥ ጭጋግ፥ ድንግዝግዝታ፥ ትካዜ፥ ኀዘን፥ ጭፍግግታ፥ ድብርት፤ ሁሉም ከደጃፍ ቆመው «እኔ ነኝ፥ እኔ ነኝ» የሚሉ መሰሉኝ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቃል የትውልድ ታሪክ መከተል ጀመርሁ፤ እዚያም ላይ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘሁ። ግሉም ከጥንት ጀምሮ የጨለማ ስም አልነበረም። ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት ግሥ ሆኖ ሲነገር ግንባርን መቋጠር፥ ፊትን ማኮሳተር ማለት ነበር። በስኮትላንድም የተቆጣና ያኮረፈ ሰው አመለካከት በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። በኋላ ከሰው ፊት ወደ ሰማይ ፊት ተሻገረ። ጨለማን ለማለት በግጥም ውስጥ ካስለመዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጆን ሚልተን ነው። ከሰማይ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሰው ልብ ገባ። እንግዲህ እኔ ለተማሪዬ የሰጠሁት ኋላ የመጣውን ትርጓሜ ነበረና የሳቀብኝ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በእኛም ቋንቋ ይኸው መንገድ አለ። ሰማይ ይጠቁራል፤ ፊትም ይጠቁራል። ቀን ይዳምናል፤ ሰውም በተቀየመ ጊዜ ፊቱ ዳመነ ይባላል። «ጨፈገገ» የሚለውም ግሥ ለሁለቱም ያገለግላል። ይህን በዚያን ጊዜ አላስተዋልሁትም። ያስተዋልሁት ኋላ ሲሆን፥ እርሱም ከመጽሐፍ አይደለም።

ግሉምን የሚከተል ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ ይኸውም ሜላንኮሊ ነው። ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን «ጥቁር ሐሞት» ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ሐኪሞች በሰው ገላ ውስጥ ደም፥ አክታ፥ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት አሉ፤ ጥቁሩ ሐሞት ሲበዛ ሰው ያለ ምክንያት ይተክዛል ብለው ያስተምሩ ነበር። የእኛም ሊቃውንት የሰው ሥጋ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት ባሕርይ የተሠራ ነው ይላሉ፤ የግሪኮቹ ጥቁር ሐሞትም በትምህርታቸው ከመሬት ባሕርይ ጋር የሚመደብ ነው። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን። ነገር ግን በአማርኛ ሐሞት የትካዜ ምንጭ መሆኑ ቀርቶ የድፍረት ማደሪያ ሆኗል። «ሐሞተ ኮስታራ» የተባለ ሰው ጀግና ነው፤ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የተባለ ደግሞ ወኔው የከዳው ነው። ለእንግሊዙ ችግሩ ሐሞት መብዛቱ፥ ለእኛ ደግሞ ሐሞት ማነሱ ነው። ይህን የመሰለውን ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው፥ ተካዡን የእንግሊዝ ልዑል በአማርኛ ጦረኛ አድርጎ ሊያስነሣው ይችላል።

ስለ ልዑል ካነሣሁ ዘንድ፥ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በትካዜ የታወቁ ሁለት ልዑላን አሉ። አንደኛው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የዴንማርኩ ሐምሌት ነው። ሁለተኛው ግን፥ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ፥ የእኛው አገር ሰው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1759 ያሳተመው የራስላስ ታሪክ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ይናገራል። ጆንሰን በወጣትነቱ፥ በ1735፥ ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ካህን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበርና ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በሎቦ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ ከእርሳቸው ስም ራስላስ ወጣ። በታሪኩ ልዑሉ የሚኖረው በአማራ አገር በተራሮች በተከበበ «የደስታ ሸለቆ» ውስጥ ነው። የሚበላው፥ የሚጠጣው፥ የሚያየው፥ የሚሰማው ሁሉ ሙሉ ነው። ሆኖም ሃያ ስድስተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ ከዘፈኑና ከማዕዱ እየሸሸ ብቻውን መቀመጥ ጀመረ።

ከጆንሰን በፊት ሚልተንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1667 ባወጣው ታላቅ የግጥም መጽሐፍ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያኖሩበትን ያማረ ተራራ ጠቅሷል። የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻ በወሎ ያለችው አምባ ግሼን ናት። እኛ ግን የግሼንን ታሪክ እናውቃለን። ወደዚያች አምባ የወጡት የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የተጠበቁ እስረኞች ነበሩ። ለእነርሱ ትካዜው ከሐሞት የመጣ አልነበረም፤ በሩ ተዘግቶባቸው ነበር። እንግሊዞቹ ደስታ ያዩበት ቦታ ለእኛ ሰዎች ግዞት መሆኑን ሳስብ፥ ጆንሰን ሳያውቀው እውነቱን ነክቶታል እላለሁ።

ጆንሰን ራሱ በትካዜ የተያዘ ሰው ነበር። ይህን በሽታውን ለወዳጆቹ ሲጽፍ «ጥቁር ውሻ» እያለ ይጠራው ነበር። የራስላስን ታሪክ የጻፈው እናቱ በሞተች ጊዜ ለመቃብርዋ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በጥቂት ምሽቶች ውስጥ ነው። በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላቱም ሜላንኮሊን በሦስት ከፍሎ፥ አንደኛ ከጥቁር ሐሞት የሚመጣ ደዌ፥ ሁለተኛ ልብን በአንድ ነገር ላይ ብቻ የሚያቆም የእብደት ዓይነት፥ ሦስተኛ ተካዥና የማይረካ ጠባይ እያለ ተርጉሞታል። የመዝገበ ቃላት ጸሐፊ የገዛ በሽታውን በፊደል ተራ ሲያስገባ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የራስላስን ታሪክ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አማርኛ የመለሱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። አባታቸው በስደት እያሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ስለ እናቱ ሞት የተጻፈ ያህል የሆነውን መጽሐፍ አባቱን በሰው አገር ያጣ ልጅ ተረጐመው ማለት ነው። በታሪኩ መጨረሻ ራስላስና ጓደኞቹ በካይሮ የዓባይ ሙላት ከቤት እንዳይወጡ አግዷቸው ተቀምጠው ሲጨዋወቱ እናገኛቸዋለን፤ ውሃው ሲጐድል ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይቈርጣሉ። ያ ሙላት የኢትዮጵያ ክረምት ነው። ከአገራቸው ሰማይ የወረደው ዝናም ተከትሏቸው ሄዶ በር ዘጋባቸው።

ክረምትን ካነሣን ደግሞ እዚህ ላይ ከእንግሊዞቹ የምንለይበት ነገር አለ። ቻርልስ ዲከንስ ከመጽሐፎቹ አንዱን በለንደን ጭጋግ ይጀምራል፤ አንባቢውም ገና ከበሩ ልቡ ይከብደዋል። በለንደን በታኅሣሥ ቀኑ ስምንት ሰዓት አይሞላምና ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። የአዲስ አበባ ቀን ግን ክረምት ከበጋ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። የእኛ ጭፍግግታ የሚመጣው ከደመና ነው፤ ደመና ደግሞ ለገበሬው ምሕረት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምትን ስታከብር ስለ ዘርና ስለ ደመና ትዘምራለች። ሰማዩ ሲጠቁር ገበሬው ፊቱ ይፈታል፤ ጥርት ያለ ሰማይ በሐምሌ ቢያይ ግን ያን ጊዜ ፊቱ ይጨፈግጋል። እንግዲህ የእንግሊዙን የደመና ግጥም በአማርኛ የሚያነብ የጎጃም ልጅ የት ላይ ማዘን እንዳለበት ቢቸግረው አይፈረድበትም።

እንዲህ እያልሁ ገጽ በገጽ ስጽፍ ሰኔ አለቀ። ከአማርኛ ቃላት እያንዳንዳቸውን መዝኜ ነበር። ትካዜ ከግእዝ የመጣ ክቡር ቃል ነው፤ የሚያስብ ሰው ኀዘን ነው። ቁዘማ ግን ሳያስቡ ተጎልቶ መቅረት ነው። ትዝታን አንዳንድ ሰዎች ከሜላንኮሊ ጋር ያስተካክሉታል፤ እኔ አልስማማም፤ ትዝታ የሚናፍቀውን ያውቃል፤ ግሉም ግን ምን እንደ ጎደለው አያውቅም። «ሆድ ባሰው» የሚለው ደግሞ ሰው የማይተረጉምልን የራሳችን ነው። የዛሬ ልጆች «ሙዴ ጠፋ» ይላሉ፤ «ደበረኝ» ይላሉ። ድብርት በሐኪሞች ዘንድ የከባድ ሕመም ስም ሲሆን፥ በመንገድ ላይ ግን ትምህርት የሰለቸው ልጅም፥ ፊልም ያልጣመው ልጅም «ይደብራል» ይላል። ይህ አንድ ቃል ለሁለት ጌታ ማደሩ አንድ ቀን ጉዳት ያመጣል ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ነበር። ጉዳቱ ከተቀመጥሁበት ሦስት ክንድ ርቆ እንደ ነበር ግን አላወቅሁም።

አሁን ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ሃምሳ ዓመት ያህል የኖረችው በካዛንቺስ ነው። ይህ ስም ራሱ የባዕድ ቃል በእኛ አፍ እንዴት እንደሚለመድ የሚያሳይ ነው። ጣልያኖች አገራችንን በያዙ ጊዜ ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በአራት አምስት ፊደል ተቈርጦ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ጣልያን ወጣ፤ ፊደሎቹ ተጣበቁ፤ ካዛንቺስ ሆኑ። እናቴ ቃሉ የማን እንደ ነበረ ጠይቃ አታውቅም። ለእርስዋ ካዛንቺስ ማለት ከመናኸሪያው በታች ያለው ጠባብ መንገድ፥ የጋራ ቧንቧ፥ ዕድሩ፥ ጠዋት ከዑራኤል የሚሰማው ቅዳሴና በየተራ የሚፈላው ቡና ነበር።

ሠፈራችን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እኛም ተነሣን። ሐሰት እንዳልናገር፥ ቤታችን የጭቃ ቤት ሆኖ ክረምት ከበጋ ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃውም ከስድስት ቤተ ሰብ ጋር የጋራ ነበር። አሁን ያለንበት በከተማው ዳር ያለ ፎቅ ነው፤ ውሃው ከቤት ውስጥ ይወርዳል፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። እናቴ ቁልፉን በተቀበልን ቀን መርቃኛለች። ጎረቤቶቻችን ግን አንዱ ወደዚህ፥ አንዱ ወደዚያ ተበትነው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ወራት ያየሁትን አንድ በአንድ ልጻፍ። እንጀራ ቀነሰች፤ ለጾም ሰጠሁት። ሌሊት መነሣት አበዛች፤ ለእርጅና ሰጠሁት። ቡና ማፍላት ተወች፤ ለደም ግፊቷ ሰጠሁት፤ እንዲያውም «ጥሩ አደረግሽ» አልኋት። ለሁሉም ነገር ስም ነበረኝ። የኤድጋር አለን ፖን ታሪክ፥ ቤቱና የቤቱ ጌታ በአንድ ጭፍግግታ ተይዘው አብረው ሲፈርሱ የሚናገረውን፥ ከነትንታኔው ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። የገዛ ቤቴ ፈርሶ እናቴ በመስኮት አጠገብ ስትቀመጥ ግን አላነበብኋትም።

ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ በዓል ነው። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ጋር ወደ ፈላ የብረት ጋን ሲወሰዱ እናቱ በፍርሃት ብታመነታ ልጁ እንዳጸናት ይነገራል። እናቴ ከጋብቻዋ ጀምራ ይህን በዓል በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሳታከብር ቀርታ አታውቅም። ያን ዕለት ግን «ዘንድሮ ይቅር፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለች። እኔም ልተወው ነበር፤ አንድ ነገር ከበደኝና «አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኋት።

በካዛንቺስ በኩል አለፍን። መንገዱ ሰፍቷል፤ ዛፍ ተተክሏል፤ የእግረኛው መሄጃ ንጹሕ ነው። እናቴ በመኪናው መስኮት ስትመለከት ቆይታ «ይህ የት ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ምንም አልመለሰችም። የአፍሪቃን አዳራሽ አልፈን፥ በእስጢፋኖስ በኩል መስቀል አደባባይን ተሻግረን ወደ ቂርቆስ ወረድን። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ተቋጠረ ነበር፤ ዝናም ግን አልጣለም።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ከሕዝቡ መካከል አንዲት ነጭ የለበሱ ሴት ድንገት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። የቀድሞ ጎረቤታችን፥ የእናቴ የቡና ጓደኛ ነበሩ። እናቴን አቅፈው ሦስት ጊዜ፥ አራት ጊዜ ሳሟት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ጉንጭና ጉንጭዋን ይዘው ራቅ አድርገው አዩዋትና «ውይ እኅቴ! ምነው እንዲህ ጨፈገግሽብኝ? ማን አጠቆረሽ?» አሉ።

ከሰኔ ጀምሮ የፈለግሁትን ቃል እነሆ ሰማሁ። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ነገር ግን እኔ ስምንት ወር አብሬ ተቀምጬ ያላየሁትን እርሳቸው በአንድ አመለካከት አይተውት ነበርና መሬቱን ማየት ጀመርሁ። እናቴም «ምንም አልሆንሁም» አላለችም። ለእኔ ሁልጊዜ የምትሰጠኝ መልስ ያ ነበር። ለጓደኛዋ ግን «ቤቱ መልካም ነው፤ የሚጠራኝ ሰው የለም እንጂ» አለቻቸው። ሁለቱም ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። እኔ ጃንጥላውን ይዤ ቆምሁ።

በማግስቱ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነበር። «እናቴ፥ ድብርት ይሰማዎታል?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ቀና ብላ «ኧረ ልጄ፥ ምን ይደብረኛል! ሥራ ፈት አይደለሁም» አለችው። እርሱም ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ። ያ ቃል ወደ እናቴ ሲደርስ ትምህርት የሰለቸው ልጅ ቃል ሆኖ እንደ ደረሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈቃድ ጠይቄ «እማዬ፥ ሆድ ይብስሻል ወይ? ልብሽ ይጨፈግጋል?» አልኋት። ነጠላዋን ወደ ዐይንዋ አነሣች። ብዙ ጊዜ አለቀሰች። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ወንበሩን አስጠጋና በእርስዋ ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ገና ጠየቃት፤ ስለ እንቅልፍዋ፥ ስለ መብልዋ፥ ለመሞት ታስብ እንደ ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ስትመልስ እኔ እንድወጣ ለመነችኝ።

መድኃኒት ታዘዘላት፤ በየወሩም እንድትመለስ ተነገራት። ሐኪሙ ስንወጣ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ሰው አይለያት» አለኝ። የቡና ጓደኛዋ የሚኖሩት ከእኛ በሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ነው። እሑድ እሑድ እኔ ሄጄ እንዳመጣቸው፥ ወይም እናቴን ወደ እርሳቸው እንዳደርስ ተስማማን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች እናቴ ብዙም አልተናገረችም። በሦስተኛው ጀበናውን ራስዋ ከሣጥን አወጣች።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ያ ተማሪ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቶ ነበር። ከትምህርት በፊት ጠርቼ ዕዳዬን ከፈልሁ። ለሰማይና ለፊት ጨፈገገ እንደሚባል፥ ለሌላው ግን ማን ስለ ማን እንደ ተናገረው ሳያዩ መወሰን እንደማይቻል ነገርሁት። ከዚያም ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ በቤቱ ያሉት ታላላቅ ሰዎች ልባቸው ሲከብድ ምን እንደሚሉ ጠይቆ እንዲመጣ። አንዲቱ «ሆዴ ባባ» ይዛ መጣች። አንዱ አያቱ ልጆቿ ከሄዱ ወዲህ ስለ ራስዋ ምንም እንደማትናገር፥ ነገር ግን «ቤቱ ጭር አለ» እንደምትል ጻፈ። ሌላው በግማሽ ገጽ ላይ «አባቴን ጠየቅሁት፤ ምን አገባህ አለኝ» ብሎ ብቻ አመጣ። ይህን የመጨረሻውን ልጅ ከክፍል በኋላ አስቀርቼ አነጋገርሁት፤ የተነጋገርነውን ግን እዚህ ላይ አልጽፍም።

በመስከረም ሦስተኛው እሑድ ጓደኛዋ ከእኛ ዘንድ ነበሩ። ቡናው ሁለተኛው ደርሶ ነበር። እኔ ደብተር ሳርም፥ እናቴ ስለ አንድ የድሮ ሰርግ እየተረከች በመካከል ጨዋታዋን አቋረጠችና ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እጄ በብዕሩ ላይ ቀረ። ወደ ላይ ተመለከተችና ወደ እኔ ሳትዞር «ሰማዩ ጨፍግጓል፤ ያንን ልብስ ከሰገነቱ አስገባው» አለችኝ። ተነሥቼ ልብሱን አስገባሁ።